«በዚያው ቅጽበት» ስለምትባለው ሐረግ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሳያባራ በዋለበት አንድ ቀን፣ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያጠናው የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣና፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ደብተሩን አውጥቶ ለፈተና ያዘጋጀውን ማስታወሻ ያነብልኝ ጀመር። የሚያነበው የኳንተም ቍርኝት ስለሚባለው ነገር ነበር፤ እኔም በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ሳሰላስል የኖርሁ ሰው ነኝና ጆሮዬን ሰጥቼ ስሰማው ሳለሁ ከአንዲት ዐረፍተ ነገር ደረሰ፦ «ሁለት የተቈራኙ ቅንጣቶች ምንም ያህል ቢራራቁ፣ አንደኛው በተለካ ጊዜ ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት ይለወጣል።» እዚህ ላይ አስቆምሁትና «በማን ሰዓት ነው በዚያው ቅጽበት?» ብዬ ጠየቅሁት። «በማን ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ወደ ኋላ ሃያ ገጽ ያህል ብገልጥ፣ በዚያው በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ እርስ በርሳቸው ለሚንቀሳቀሱ ተመልካቾች ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ «አሁን» እንደሌለ ተጽፎ አገኘሁት። ልጁ ሁለቱንም ገጾች አጥንቷል፤ ሁለቱንም በቃሉ ይዟል፤ ነገር ግን የኋለኛው ገጽ የፊተኛውን እንደሚያፈርስ ያሳየው ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ ይህችው ሐረግ በጋዜጣም በራዲዮም፣ ለወጣቶች ተብለው በሚዘጋጁ የሳይንስ መጻሕፍትም ሳይቀር እየተደጋገመች ስለምትገኝ፣ ከአንድ ተማሪ ደብተር ብትገባ አይደንቅም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን፣ ያለፈው መቶ ዓመት ከሰጠን ዕውቀት ሁሉ እጅግ ረቂቅ የሆነው ነገር በዚህች በአንዲት ሐረግ ምክንያት መልኩን ለውጦ ወደ ሕዝቡ መድረሱ ነው። በአባቶቻችን የመጽሐፍ ጉባኤ ቤት ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው፤ መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወርዳል፣ የትርጓሜውን ቃል ከንባቡ ቃል ጋር የቀላቀለ ደቀ መዝሙርም ይገሠጻል። በሥነ ፍጥረት መጽሐፍም ንባቡ በመሣሪያ ተለክቶ በመዝገብ የተጻፈው ውጤት ነው፤ የቀረው ሁሉ አንድምታ ነው። «በዚያው ቅጽበት ይለወጣል» የምትለው ቃል ደግሞ ከንባቡ ውስጥ ፈጽሞ የለችም፤ ተርጓሚ የጨመራት ናት፤ ከዚህም የከፋው፣ የጨመራት ሰው እንደ ጨመራት አለመናገሩ ነው።

የፊተኛው ገጽ ታሪክ ከበርን ከተማ ይነሣል፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። በ1905 አልበርት አይንሽታይን ገና 26 ዓመቱ ነበር፤ በስዊስ መንግሥት የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት መርማሪ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ መኖሪያውም ከከተማይቱ ጥንታዊ የሰዓት ግንብ እጅግ ሳይርቅ፣ በዚያው ጎዳና ላይ ነበረ። በዚያ ዓመት ስለሚንቀሳቀሱ አካላት ኤሌክትሮዳይናሚክስ ባወጣው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያነሣው ጥያቄ፣ ሕፃን እንኳ ሊመልሰው የሚችል የሚመስል ነው፦ ተራርቀው ያሉ ሁለት ነገሮች «በአንድ ጊዜ ሆኑ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከሰዓት አቈጣጠራችን ልዩነት ጋር እንዳናምታታው መጠንቀቅ ይገባናል። በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በጄኔቭ የግድግዳው ሰዓት 7ን ያሳያል፤ ይህ ግን የስም ልዩነት ብቻ ነው፤ ስልክ ተደዋውለን ብንጠያየቅ ሁለታችንም ስለ አንዲት ቅጽበት እንደምንነጋገር አንጠራጠርም። አይንሽታይን የነካው ስሙን አይደለም፤ ስሙ የተሰጠውን ነገር ራሱን ነው እንጂ።

እርሱ ራሱ በ1917 ለብዙኃን ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በባቡር አስረዳው። አንድ ሰው ከሐዲዱ ዳር ቆሟል፣ ረጅም ባቡርም በፊቱ እየበረረ ያልፋል፤ በዚያ ሳሉ ሁለት መብረቆች፣ አንዱ በባቡሩ ራስ፣ አንዱ በባቡሩ ጅራት ላይ ይወድቃሉ፤ ከሁለቱ እኩል ርቆ በመካከላቸው የቆመው ሰው የሁለቱን ብርሃን እኩል ስለሚያይ «በአንድ ጊዜ ወደቁ» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም እውነት ነው። በባቡሩ መካከል የተቀመጠችው ሴት ግን ወደ ፊተኛው ብርሃን እየገሠገሠች፣ ከኋለኛው እየራቀች ናትና የፊተኛውን አስቀድማ ታያለች፤ የብርሃን ፍጥነትም ለእርስዋም ለእርሱም ሳይለይ በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ስለሆነ፣ የባቡሩ ራስና ጅራትም ከተቀመጠችበት እኩል ስለሚርቁ፣ «የፊተኛው መብረቅ ቀደመ» ብላ ትፈርዳለች፤ የእርስዋም ፍርድ እውነት ነው። ከሁለቱ አንዱን ሐሰተኛ የሚያሰኝ ሦስተኛ ዳኛ በዓለም ላይ አልተገኘም።

በዕለት ኑሯችን ይህን የማናውቀው ፍጥነታችን አነስተኛ፣ ርቀታችንም አጭር ስለሆነ ነው፤ ርቀቱ በሰፋ ጊዜ ግን የእግር ጉዞ እንኳ ይበቃል። አንድሮሜዳ የተባለው የከዋክብት ማኅበር ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ወደ ገበያ ሲሄድ ሌላው ከገበያ ሲመለስ፣ በአንድ ጎዳና ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተራመዱ ቢተላለፉና የአንደኛው ፊት ወደ አንድሮሜዳ፣ የሁለተኛው ጀርባ ወደ አንድሮሜዳ ቢሆን፣ እጅ ለእጅ በሚነካኩበት በዚያች ቅጽበት አንዱ «አሁን በዚያ የሚሆነው» የሚለው ነገር ሌላው «አሁን» ከሚለው ከስምንት ቀን በላይ ይለያል። ልብ በሉ፤ ይህ በሚዛን የተሰላ እንጂ ለማስደነቅ የተነገረ አይደለም። በዚህም ምክንያት ማንም ማንንም አይጎዳም፤ ከሁለቱ አንዳቸውም በዚያ ሩቅ ስፍራ ስለሚሆነው ነገር አሁን ሊያውቁም ሊያደርጉም የሚችሉት የለምና። አንዱ ነገር ለሌላው ምክንያት ሊሆን ሲችል፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያንስ ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ሲያገኝ፣ የመቅደምና የመከተል ሥርዓት ለሁሉም ተመልካች አንድ ሆኖ ይጸናል፤ አባት ከልጁ በፊት መወለዱ በማንም ሰዓት አይገለበጥም። የሚፈርሰው፣ ብርሃን እንኳ ሊያገናኛቸው በማይችል ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ቅድምና ብቻ ነው፤ የተቈራኙት ቅንጣቶችም ነገር የወደቀው በዚሁ ስፍራ ላይ ነው።

የኋለኛው ገጽ ደግሞ፣ የሚያስገርመው፣ ከዚያው ሰው እጅ ይነሣል። በ1935 አይንሽታይን ከጀርመን ተሰድዶ በፕሪንስተን ሲኖር፣ ከቦሪስ ፖዶልስኪና ከናታን ሮዘን ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ የኳንተም ሕግ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ በዚያው ዓመት ኤርቪን ሽሮዲንገር ነገሩን በጀርመንኛ ስም አወጣለት፣ እኛም ቍርኝት እንለዋለን። የአይንሽታይን ሐሳብ በአንድ ጥንድ ጫማ ሊመሰል ይችላል፦ ግራውን በአንድ ሣጥን፣ ቀኙን በሌላ ሣጥን ከትተን፣ የትኛው በየትኛው እንዳለ ሳናውቅ አንዱን ወደ ጎንደር፣ አንዱን ወደ ሐረር ብንልክ፣ በጎንደር ሣጥኑን ከፍቶ ግራውን ያገኘ ሰው በሐረር ያለው ቀኙ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ከጎንደር ወደ ሐረር የሄደ ነገር የለም፤ ነገሩ ከመጀመሪያው የተወሰነ ነበር። ቅንጣቶቹም እንደዚሁ ቢሆኑ ኖሮ ክርክሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር።

ጫማው እንደማይበቃ ያሳየው የቤልፋስቱ ተወላጅ ጆን ቤል ነው፤ ያሳየውም በ1964 ነው፣ አይንሽታይን ካረፈ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። የነገሩን ሥር ቀለል ባለ መልክ እንዲህ ልናየው እንችላለን። ሁለት ደቀ መዛሙርት፣ ድምፅ በማይሻገርባቸው በሁለት ቤቶች ለየብቻ ይቀመጡ፤ በየቤቱ ያለው ፈታኝ ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን በዕጣ መርጦ ይጠይቅ፤ መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ይሁን። ፈተናው ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ መዝገቡ ሲታይ፣ ሁለቱ ፈታኞች ሳያውቁ አንዱን ጥያቄ በጠየቁ ጊዜ ሁሉ የሁለቱ መልስ አንድ ሆኖ ተገኘ እንበል። «ልጆቹ አስቀድመው ተማክረው፣ ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ይዘው ገብተዋል» እንላለን፤ ሌላ ምን እንላለን? ነገር ግን ተማክረው ከሆነ፣ ለሦስት ጥያቄዎች ሁለት ዐይነት መልስ ብቻ አለና ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዐይነት መልስ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ ስለዚህ ፈታኞቹ የተለያየ ጥያቄ በጠየቁ ጊዜ የልጆቹ መልስ ከሦስት ጊዜ ቢያንስ አንዱን ጊዜ መመሳሰል አለበት። ከዚህ ቍጥር በታች መውረድ የሚችል ምክር የለም፤ ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊሞክረው ይችላል።

አሁን በልጆቹ ፈንታ ሁለት የተቈራኙ የብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች)፣ በሦስቱ ጥያቄዎች ፈንታም ብርሃንን እንደ ንዝረቱ አቅጣጫ የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል ማጣሪያ በ0፣ በ60 እና በ120 ዲግሪ ዘንበል ብሎ እናስቀምጥ። የኳንተም ሕግ የሚለው፣ ማጣሪያዎቹ አንድ ዐይነት ሲያዘነብሉ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ሲለያዩ ግን የሚመሳሰለው ከአራት አንዱን ጊዜ ብቻ ነው። ከአራት አንድ ከሦስት አንድ ያንሳል። ጫማው፣ ምክሩ፣ አስቀድሞ በልብ የተያዘው መልስ፣ ሁሉም በዚህች በትንሽ ክፍልፋይ ፊት ወደቀ፤ እኔም ይህን ስሌት መጀመሪያ በራሴ እጅ ሠርቼ በጨረስሁ ጊዜ፣ ብዕሬን አስቀምጬ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ እንደ ተቀመጥሁ ትዝ ይለኛል።

ይህም በስሌት ብቻ አልቀረም። በ1972 በበርክሊ ጆን ክላውዘርና ስቱዋርት ፍሪድማን፣ በ1982 በፓሪስ አጠገብ በኦርሴ አለን አስፔና ባልደረቦቹ፣ በ2015 በኔዘርላንድስ በዴልፍት ከተማ 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት አልማዞች ውስጥ 245 ጊዜ በተደረገ ፈተና፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት በቪየናና በአሜሪካ በቦልደር፣ የተፈጥሮ መልስ ከኳንተም ሕግ ጋር ሆኖ ተገኘ። በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለክላውዘር፣ ለአስፔና ለአንቶን ሳይሊንገር የተሰጠውም በዚሁ ሥራ ነው።

እንግዲህ ያቺ ሐረግ በስውር የምትገባው እዚህ ላይ ነው። መልሱ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ አንዱ ተጠይቆ በመለሰ ጊዜ ለሌላው የነገረው ነገር አለ ማለት ነው፤ ርቀቱም ብርሃን የማይደርስበት ስለሆነ የነገረው «በዚያው ቅጽበት» መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል። አስተሳሰቡ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን አንዱን መልስ ቀዳሚ፣ ሌላውን ተከታይ ያደርጋል፣ ቀዳሚና ተከታይ የሚባል ነገር በሌለበት ስፍራ። በሐዲዱ ዳር የቆመው ሰው የግራውን መልስ ቀዳሚ ሲያደርግ፣ በባቡሩ ያለችው ሴት የቀኙን መልስ ቀዳሚ ታደርጋለች። ታዲያ ማን ለማን ነገረ?

ይህ ጥያቄ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑን ከማሳይባቸው ነገሮች ሁሉ እኔ የምወደው በጄኔቭ የተደረገ አንድ ሥራ ነው፤ ስለ እርሱም በሰፊው ሲወራ አልሰማሁም። በ1997 አንትዋን ሱዋሬዝና ቫሌሪዮ ስካራኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ የነጋሪውንና የተነጋሪውን ታሪክ በእውነት ተቀብለው እስከ ጫፉ ድረስ ሊወስዱት ተነሡ። እንዲህም አሉ፦ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ሰዓት ይዳኝ፤ በራሱ ሰዓት ሁለተኛ የሆነ መሣሪያ የቀዳሚውን ውጤት ተከትሎ ይስማማ፤ እንግዲያውስ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ቢሮጡ፣ አይንሽታይን እንዳስተማረው፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት «እኔ ቀደምሁ» የሚሉበት ሁኔታ ይገኛል፤ ሁለቱም ቀዳሚ ከሆኑ የሚከተል የለም፣ የሚከተል ከሌለም ስምምነቱ መጥፋት አለበት። በየመጽሐፉ በጨለማ የምትሄደውን ሐረግ ወደ ብርሃን አውጥቶ ለፍርድ ያቀረበ ግሩም ሐሳብ ነበር።

ነገር ግን መስተዋትን በሚያስፈልገው ፍጥነት ማስሮጥ ቀላል አይደለም። ዘዴው ከድምፅ ተገኘ። በግልጽ ክሪስታል ውስጥ የድምፅ ሞገድ ሲለቀቅ፣ ሞገዱ ከፊሉን ብርሃን አሳልፎ ከፊሉን እየመለሰ፣ ልክ እንደሚሮጥ መስተዋት ሆኖ ይከፍለዋል፤ ክሪስታሉ ከጠረጴዛው ላይ ሳይነቃነቅ ሞገዱ በውስጡ በሴኮንድ 2,500 ሜትር ይሮጣል። በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ስቴፋኖቭ፣ ሁጎ ዝቢንደን፣ ኒኮላ ጂዛንና ሱዋሬዝ ራሱ ሆነው፣ ሁለት እንደዚህ ያሉ ክሪስታሎችን 55 ሜትር አራርቀው፣ ሞገዶቻቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ አስሮጡ፤ የተቈራኙትንም ፎቶኖች አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ሰደዱ። በ55 ሜትር ርቀትና በዚህ ፍጥነት የሁለቱ «አሁን» የሚለያየው በአንድ ሴኮንድ ትሪሊዮንኛ አንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ እንዲህ በስድሳ በስድሳ እየከፈሉ በሣልሲት፣ በራብዒትና በኃምሲት አልፈው እስከ ሳድሲት ያወርዱታል፤ ሳድሲትም ከሴኮንድ አምስት መቶ ሺህ ክፍል አንዱን ያህል ነው። እነዚህ ሰዎች ይይዙት የነበረው ጊዜ ግን አንዱ ሳድሲት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቢከፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚሄድባቸው የሁለቱ መንገዶች ርዝመት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት እኩል ሊሆን ግድ ነበር፤ መንገዱ አንድ የሽንብራ ቅንጣት ያህል ቢረዝም ኖሮ ከሁለቱ አንዱ በሁሉም ሰዓት ቀዳሚ ይሆን፣ ፈተናውም ከንቱ ይቀር ነበር።

ውጤቱ በ2002 ታተመ። ስምምነቱ አልጠፋም። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ የሚከተል ሳይኖር፣ መልሶቹ እንደ ቀድሞው ተስማምተው ተገኙ። ሱዋሬዝም የገዛ ሐሳቡን ውድቅ ያደረገውን ጽሑፍ ከባልደረቦቹ ጋር በስሙ አወጣው፤ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከዚህ የተነሣ ነው። በበርን የተነሣው ጥያቄ ከ97 ዓመት በኋላ በዚያው አገር፣ ባቡር የጥቂት ሰዓት መንገድ በምታደርሰው ከተማ፣ በዚህ መልክ መልስ አገኘ፦ የቍርኝት ስምምነት «መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ» በሚል ቃል የሚተረክ ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳይዘለል መነገር አለበት። በየቤቱ ያሉት ፈታኞች የየራሳቸውን መዝገብ ብቻ ቢያዩ፣ ግማሹን አዎ፣ ግማሹን አይደለም፣ ያለ ሥርዓት ተበትኖ ያገኙታል፤ ባልንጀራቸው ምን እንደ ጠየቀ፣ ወይም ጠይቆ እንደሆነና እንዳልሆነ እንኳ ከዚያ ሊያውቁ አይችሉም። ስምምነቱ የሚታየው ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን በተቀመጡ ጊዜ ብቻ ነው፤ መዝገቦቹም የሚገናኙት በፖስታ፣ በስልክ፣ ወይም በሰው እጅ፣ ቢበዛ በብርሃን ፍጥነት ነው። ስለዚህ በቍርኝት ከብርሃን ፈጥኖ መልእክት መላክ አይቻልም፤ ይህም የመሣሪያ ድክመት ሳይሆን ከሕጉ ራሱ የሚወጣ ክልከላ ነው፤ ሁለቱ ገጾች በአንድ ደብተር ውስጥ ሳይጣሉ ሊያድሩ የቻሉትም በዚህ ነው።

በዚህ ነገር ከእኔ የሚለዩ ሊቃውንት አሉ፤ ከእነርሱም አንደኛው ቤል ራሱ ነው። በ1980ዎቹ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ከሁሉ የሚቀልለው መውጫ ከአይንሽታይን በፊት ወደ ነበረው አስተሳሰብ መመለስ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል፤ ማለትም ለእኛ የተሰወረ ነገር ግን በእውነት ያለ አንድ የዓለም ሁሉ «አሁን» አለ፣ ተጽዕኖውም በዚያ በስውር ሰዓት ከብርሃን ፈጥኖ ይሄዳል። ይህን አንድምታ ልንንቀው አይገባም፤ የተናገረው ሰው የሚናቅ አይደለምና። ነገር ግን ዋጋው በግልጽ ይነገር። በ2008 የጂዛን ባልደረቦች በጄኔቭ ዙሪያ በሳቲኚና በዡሲ መንደሮች መካከል፣ በ18 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ምድር አንድ ሙሉ ዙር እስክትዞር ድረስ ለክተው፣ እንዲህ ያለ ስውር ተጽዕኖ ካለ ፍጥነቱ ከብርሃን ቢያንስ 10,000 እጥፍ መሆን እንዳለበት አሳዩ፤ ይህም ምድራችን በዚያ በስውር ሰዓት ዘንድ ከብርሃን ፍጥነት ከሺህ አንዱን ያህል ሳትሮጥ ከሆነ ነው። በ2012 ደግሞ ዣን ዳንኤል ባንካልና ባልደረቦቹ፣ ቀድሞ የጠቀስሁት ስካራኒም በመካከላቸው ሆኖ፣ ተጽዕኖው ማለቂያ ያለው ፍጥነት ካለው፣ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላኪያ ሊሆን እንደሚችል በስሌት አረጋገጡ። የስውሩን ሰዓት ትርጓሜ የሚይዝ ሰው እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቆ ይያዘው፤ «ስውር ሰዓት አለ ብዬ አምናለሁ» ብሎም ይናገር። እኔ የምቃወመው ትርጓሜውን አይደለም፤ ያንኑ ትርጓሜ ስሙን ሳይጠሩ በሦስት ቃላት አሾልኮ እንደ ንባብ ማስነበብን ነው።

የጉዳቱም ነገር ቀላል አይደለም። «በዚያው ቅጽበት ይለወጣል» ተብሎ የተነገረው አንባቢ፣ እንግዲያውስ በሐሳቤ ሩቅ ያለውን ሰው ልነካ እችላለሁ ቢል ምን ስሕተት አለበት? ይህንኑ ይዘው «የኳንተም ኀይል» የታሰረበት ነው እያሉ ለሕመምተኛ አንባርና የውሃ ጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች በከተማችን አሉ፤ አንዲት የጎረቤቴ እናት የመድኀኒት ገንዘባቸውን እንዲህ ላለ አንባር ሲከፍሉ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሻጩም ሲያስረዳቸው የተጠቀመው ያችኑ ሐረግ ነበር፣ ከጋዜጣ የተቀደደውንም ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። ሌሎች ደግሞ፣ በቅን ልብ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ጸሎት በርቀት መድረሱን በቅንጣቶች ቍርኝት ሊያስረዱ ይሞክራሉ። እኔ በጸሎት የማምን ሰው ነኝ፤ ስለዚህም ነው ይህን የምፈራው። ከብርሃን ፈጥኖ መልእክት እንደማይወስድ በተረጋገጠ ነገር ላይ ጸሎቱን የመሠረተ ሰው፣ መሠረቱ ሲፈርስ ጸሎቱም ከእርሱ ጋር የፈረሰ ይመስለዋልና።

ስለዚህ የጋዜጣ አዘጋጆችንና የመማሪያ መጻሕፍት ጸሐፊዎችን የምለምነው ብዙ አይደለም። ስለ ቍርኝት ስትጽፉ «በዚያው ቅጽበት» የምትለውን ሐረግ ተዉ፤ «አንዱ ሌላውን ለወጠው» ማለትንም ተዉ። በምትኩ ንባቡን እንዳለ ጻፉት፤ ንባቡ ራሱ ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ ያስደንቃል። ምክር በሌለበት፣ መልእክት በሌለበት፣ ቀዳሚም ተከታይም በሌለበት የተገኘ ስምምነት ከሰማ በኋላ፣ ተማሪው ሌላ ተአምር ምን ይፈልጋል?

ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ ልጁ ደብተሩን ከጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ነበር፤ ሁለቱን ገጾች በሁለት ጣቱ ለይቶ ይዞ፣ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ይገልጥ ነበር። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አነሣና «በዚያው ቅጽበት ይለወጣል» የምትለውን ሰረዛት። ከላይዋም በትንንሽ ፊደል «ሁለቱ መዝገቦች በተገናኙ ጊዜ መልሶቹ ተስማምተው ይገኛሉ» ብሎ ጻፈ፤ አነበበልኝም። «ጋሼ፣ መምህሩ በዚህ ነጥብ ይቀንስብኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቢቀንስብህ ይህንን ገጽና ያንን ገጽ ይዘህ ሄደህ አሳያቸው» አልሁት።